የልብ ምት ጠባቂዎች

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ፍሎየር እ.ኤ.አ. በ1707 ስለ ልብ ምት መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ለዚሁ ሥራ ብሎ አንድ ሰዓት አሠርቶ ነበር። ሰዓቱ አንድ ደቂቃ ሙሉ ሠርቶ ይቆማል። ከዚያ በፊት ሐኪሞች የታማሚውን የእጅ አንጓ ይዘው ምቱ ፈጠነ፣ ዘገየ፣ ደከመ ይሉ ነበር እንጂ ስንት እንደሆነ የሚቆጥሩት ጥቂቶች ነበሩ። ፍሎየር ቁጥር ፈለገ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው ነርሷ ሁለት ጣቶቿን ከታማሚው አውራ ጣት ግርጌ አሳርፋ ዓይኗን ሰዓቷ ላይ ስትተክል የምትሠራው ሥራ መነሻው ይኸው ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1816፣ ፓሪስ በሚገኘው የኔኬር ሆስፒታል የልብ ሕመም ምልክት የታየባት አንዲት ወጣት ሬኔ ላኤኔክ ወደተባለው ሐኪም ቀረበች። በዚያ ዘመን የልብ ድምፅ የሚሰማው ጆሮን በቀጥታ ደረት ላይ በመለጠፍ ነበር። ታማሚዋ ወጣት ሴት ስለሆነች ይህን ማድረግ ነውር መሰለው፤ ሰውነቷም ወፈር ያለ ስለነበር በእጅ መታ መታ አድርጎ መመርመሩ የትም አላደረሰውም። ስለዚህ ወረቀት ጠቅልሎ አንዱን ጫፍ ልቧ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ ደገነ። ምቱ ጆሮውን ለጥፎ ይሰማው ከነበረው ይልቅ ጥርት ብሎ መጣለት። ቀጥሎ መሣሪያውን ከእንጨት ሠራው፤ በ1819 ደግሞ በዚያ የሰማውን ሁሉ በመጽሐፍ አወጣ። እሱ ራሱ በ1826 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ስቴቶስኮፕ የተባለው መሣሪያው ግን ከአገር አገር ተዳረሰ። በነርሶች አንገት ላይ እስኪወርድ ድረስ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ ለረጅም ጊዜ የሐኪም ንብረትና የሐኪምነት ምልክት ሆኖ ቆየ።

ለነርሷ የቀራት ዓይኗ፣ እጇና ጥያቄዋ ነበር። እነዚህን ሦስቱን ወደ ሙያ ያሳደገችው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ናት። በ1854 ከ38 ነርሶች ጋር ወደ ክሪሚያው ጦርነት ቁስለኞች፣ ወደ ስኩታሪ ሆስፒታል ሄደች። በ1860 ለንደን በሚገኘው ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት አቋቋመች። ስለ ነርስነት በጻፈችው መጽሐፍ አንዱን ምዕራፍ ለብቻው ሕሙማንን ስለ መከታተል ሰጥታዋለች። እዚያ ላይ አጥብቃ የነቀፈችው ነገር ግልጽነት የሌለውን ጥያቄ ነው። ታማሚውን «ደህና አደርክ?» ብሎ መጠየቅ ለሕክምና የሚረባ መልስ አያመጣም፤ አንዱ አሥር ሰዓት ሙሉ ካልተኛ «ክፉኛ አደርኩ» ይላል፣ ሌላው ሌሊቱን ሲባንን አድሮም «ደህና» ይላል። ስንት ሰዓት ተኛ? መቼ ነቃ? ምን ቀሰቀሰው? መጠየቅ ያለበት ይህ ነው አለች። በእኔ እምነት የልብ ሕመምን በመለየት ታሪክ ውስጥ ይህ ምክር ከማናቸውም መሣሪያ ያነሰ ቦታ አይገባውም። የደከመ ልብ በመጀመሪያ የሚናገረው በሌሊት ነውና፤ በሌሊት ደግሞ ከታማሚው አጠገብ የምትገኘው ነርሷ ናት።

ቀጥሎ መሣሪያዎቹ ተከታተሉ። ጣሊያናዊው ሪቫ ሮቺ በ1896 ክንድ ላይ የሚታሰረውን የደም ግፊት መለኪያ አስተዋወቀ፤ ሩሲያዊው ኒኮላይ ኮሮትኮፍ በ1905 ከመለኪያው በታች በስቴቶስኮፕ በማዳመጥ የላይኛውንም የታችኛውንም ግፊት ማወቅ እንደሚቻል አሳየ። በሆላንዷ ላይደን ከተማ ቪለም አይንቶቨን የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግብ መሣሪያ ሠራ። ያ የመጀመሪያው ኢሲጂ 270 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ግዙፍ ነገር ነበር። ታማሚው ሁለት እጆቹንና አንድ እግሩን በጨው ውሃ በተሞሉ ባልዲዎች ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል። የሞገዶቹን ጫፎች ፒ፣ ኪው፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ ብሎ የሰየማቸው አይንቶቨን ነው፤ በ1924 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። የደም ግፊት መለካት እንኳ በየአገሩ ለረጅም ጊዜ የሐኪም ሥራ ተብሎ ቆይቶ ነው ቀስ በቀስ ወደ ነርሶች የተላለፈው።

በ1912 አሜሪካዊው ጄምስ ሄሪክ የልብ ደም ሥር በረጋ ደም በድንገት ቢዘጋ ሰው የግድ ወዲያው አይሞትም ብሎ ጻፈ። እስከዚያ ድረስ ነገሩ የሚታወቀው በአብዛኛው በአስከሬን ምርመራ ነበር። አሁን በሕይወት ያለ ታማሚ አለ ማለት ነው፤ ምን ይደረግለት? የተገኘው መልስ ዕረፍት ነበር፣ ያውም የከረረ ዕረፍት። ሰውየው ለሳምንታት በጀርባው ተንጋልሎ ይተኛል፤ ነርሷ ታጎርሰዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ታገላብጠዋለች፤ እጁን አንስቶ ፊቱን እንዲያብስ እንኳ አይፈቀድለትም። በዚያ ሁሉ መተኛት ብዙዎችን እግራቸው ውስጥ ደም እየረጋ ወደ ሳንባ እየሄደ ገደላቸው። በ1952 ሳሙኤል ሌቫይን እና በርናርድ ላውን ከቦስተን ታማሚዎችን ቶሎ ወንበር ላይ የማስቀመጥን ጥቅም ጽፈው እስኪያወጡ ድረስ አልጋው ሕክምናም እስር ቤትም ሆኖ ቆየ።

በዚሁ ዘመን መካከል የነርስነት ታሪክ ወደ እኛ ደጅ ደረሰ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማረች። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆና የታማሚ ሕፃናትን አልጋ ማንጠፍ፣ ሙቀታቸውን መለካት፣ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ማደር መረጠች፤ ለንደን በጀርመን ቦምብ ስትደበደብም በሥራዋ ላይ ነበረች። ወደ አገሯ ተመልሳ ብዙ ሳትቆይ በ1934 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ወለጋ ውስጥ ነቀምት አረፈች። ለመታሰቢያዋ በአዲስ አበባ ሆስፒታል ተሠራ። ከዚያም በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አንድ ላይ እያሠለጠነ ሐኪም ወዳልደረሰባቸው የገጠር ጤና ጣቢያዎች መላክ ጀመረ። በእነዚያ ጣቢያዎች ስለ ልብ የሚጠየቅ ሐኪም አልነበረም፤ የሚያደምጠውም፣ የሚወስነውም፣ ወደ ከተማ የሚልከውም ያው የጤና መኮንኑ ወይም ነርሷ ነበሩ።

እነዚህ ባለሙያዎች በብዛት የሚገጥማቸው የልብ ሕመም ሄሪክ የጻፈለት የደም ሥር መዘጋት አልነበረም። ቦስተን ውስጥ ሐኪሙ ዳኬት ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1944 ምልክቶቹን በሥርዓት ያስቀመጠለት የሪውማቲክ ትኩሳት ነበር። ልጅ ጉሮሮውን ይታመማል፤ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ይመጣና ጉልበቱ ያብጣል፤ ያ ሲሻለው ቁርጭምጭሚቱ፣ ከዚያ ክርኑ ይከተላል። የመገጣጠሚያው ሕመም ይድናል። በውስጥ ግን የልቡ ቫልቮች ይጎዳሉ፤ በየጊዜው ጉሮሮው በተመለሰበት ቁጥር ጉዳቱ ይደራረባል። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ እስኪታወቅ ድረስ አድጋ አግብታ፣ አርግዛ፣ ዳገት መውጣት አቅቷት ትመጣለች።

ባደጉት አገሮች ግን ትልቁ የነርሶች ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ በልብ ጥቃት፣ ማለትም የልብ ደም ሥር በድንገት ተዘግቶባቸው፣ ሆስፒታል ከሚገቡት ከሦስቱ አንዱ ገደማ እዚያው ይሞት ነበር። ብዙዎቹን የሚገድለው የልብ ጡንቻ መጎዳቱ ብቻ ሳይሆን የምት መዛባት ነው። ልብ በሥርዓት መምታቱን ትቶ ዝም ብሎ ይንቀጠቀጣል፤ ደም አይገፋም። ሰውየው በአሥር ሰከንድ ገደማ ውስጥ ራሱን ይስታል፣ ከአራት ደቂቃ በኋላ አንጎሉ መጎዳት ይጀምራል። ይህን መመለስ የሚቻልበት መንገድ አንድ ባንድ ተገኝቶ ነበር። ክሎድ ቤክ እ.ኤ.አ. በ1947 በክሊቭላንድ ደረቱ ተከፍቶ የነበረን የ14 ዓመት ልጅ ልብ በኤሌክትሪክ መልሶ አስነሣ። ፖል ዞል በ1956 ደረት ሳይከፈት በውጭ በኩል ይህን ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። በ1960 በጆንስ ሆፕኪንስ ኮውወንሆቨን፣ ጁድ እና ኒከርቦከር ደረትን በእጅ በመጫን ደም ማዘዋወር እንደሚቻል አሳወቁ። መድኃኒቱ ነበረ ማለት ነው። የጠፋው በአራት ደቂቃ ውስጥ የሚደርስ ሰው ነበር።

በስኮትላንድ ይሠራ የነበረው ወጣት ሐኪም ዴዝመንድ ጁሊያን በ1961 ላንሰት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ሐሳብ አቀረበ። የልብ ጥቃት ያገኛቸው ሕሙማን በየክፍሉ ከሚበታተኑ አንድ ቦታ ይሰብሰቡ፤ የልባቸው ምት ያለማቋረጥ በሞኒተር ይታይ፤ የሠለጠኑ ሰዎችም አጠገባቸው ይሁኑ አለ። በ1962 በካንሳስ ከተማ ቤታኒ ሆስፒታል ሂዩዝ ዴይ እንዲህ ያለውን ክፍል ከፈተ፤ በዚያው ዓመት በሌሎች ከተሞችም ተመሳሳይ ክፍሎች ተጀመሩ።

በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ ቶሎ የተገለጠው እውነት ማሽኑ ብቻውን ማንንም አያድንም የሚል ነበር። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የሞኒተሩ መስመር ሲበታተን የሚያየው ማን ነው? ሐኪሙ ሌላ ፎቅ ላይ ተኝቷል። ስልክ ተደውሎ፣ ነቅቶ፣ ደረጃ ወርዶ እስኪደርስ አራቱ ደቂቃ አልቋል። አጠገቡ ያለችው ነርሷ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ኢሲጂ ማንበብ አልተማረችም፤ የኤሌክትሪክ መሣሪያውን የመጠቀም ሥልጣንም የላትም።

በፊላደልፊያ ፕሬስቢቴሪያን ሆስፒታል ሐኪሙ ሎውረንስ ሜልዘር ይህን ጥያቄ በግንባር ገጠመው። ከ1963 ጀምሮ በተካሄደው ጥናት የነርሶቹን ሥራ የመራችው ሮዝ ፒኒዮ ነበረች። የሜልዘር አሳብ በዘመኑ ደፋር ነበር፤ የክፍሉ ዋና ባለሙያ ነርሷ ትሁን አለ። ፒኒዮና የሥራ ባልደረቦቿ ነርሶቹን የልብን አሠራር፣ የሞገዶቹን አነባበብ፣ አደገኛ የምት መዛባቶችን ከሌሎቹ መለየት፣ የመድኃኒቶቹን ጠባይ አስተማሩ፤ ሞት ሲመጣም ሐኪም ሳይጠበቅ መሣሪያውን ደረት ላይ ደግኖ ኤሌክትሪክ መልቀቅን ጨምረው። በ1965 ሜልዘር፣ ፒኒዮና ኪቸል በጋራ ለነርሶች የጻፉት መማሪያ መጽሐፍ ታተመ።

እንዲህ ዓይነቷ ነርስ በሌሊት ምን ታደርግ እንደነበር ማሰብ አያስቸግርም። ሞኒተሩ ላይ መስመሩ በሥርዓት ይሄዳል፤ በየመካከሉ አንድ ሰፊና እንግዳ ምት ጣልቃ ይገባል። ትቆጥራለች። በደቂቃ አንድ ነበር፤ አሁን ስድስት ሆኗል፤ ሁለቱ ተከታትለው መጡ። ይህ ማስጠንቀቂያ ነው። ወደ አልጋው ትሄዳለች፤ ሰውየው ነቅቷል ወይ፣ ላብ አጥምቆታል ወይ፣ ግፊቱ ስንት ነው፣ ደረቱን ያመዋል ወይ? ሞኒተሩ ልቡ በኤሌክትሪክ ምን እንደሚሠራ ይነግራታል እንጂ ደም ለአንጎሉ መድረሱን አይነግራትም፤ ያንን የምታውቀው እጁን ይዛ፣ ፊቱን አይታ፣ አነጋግራው ነው። አንዳንዴም መስመሩ የሚበታተነው ሽቦው ከደረቱ ተላቆ ነው፤ ታማሚው እንቅልፉን ሲለጥጥ ኤሌክትሪክ ብትለቅበት ልትጎዳው ትችላለች። ስለዚህ ከማሽኑ በፊት ሰውን ማየት የክፍሉ የመጀመሪያ ሕግ ሆነ፤ ዛሬም ነው።

ነርስ በራሷ ውሳኔ ኤሌክትሪክ መልቀቋ ቀላል ክርክር አላስነሣም። ሥራው የሕክምና ነው፣ ሕጉ አይፈቅድም ያሉ ነበሩ። ውጤቱ ግን መልስ ሰጠ። ቶማስ ኪሊፕና ጆን ኪምቦል በ1967 በኒውዮርክ ሆስፒታል እንዲህ ባለ ክፍል ያከሟቸውን የ250 ሕሙማን ታሪክ ሲያወጡ፣ የደም ዝውውራቸው ካልወደቀ ታማሚዎች መካከል የሚሞቱት ከ26 በመቶ ወደ 7 በመቶ መውረዳቸውን አሳዩ።

እነዚሁ ሁለት ሐኪሞች እስከ ዛሬ የሚሠራበት ሌላ ነገር አተረፉ። ታማሚውን በውድ መሣሪያ ሳይሆን በአልጋው ዳር በሚታይና በሚሰማ ምልክት በአራት ደረጃ ከፈሉት። የልብ ድካም ምልክት የሌለበት አንደኛው ነው፤ ከእነዚህ የሞቱት 6 በመቶ ነበሩ። ሳንባው ግርጌ ላይ የውሃ ድምፅ የሚሰማበት ሁለተኛው፤ 17 በመቶ። ሳንባው በውሃ የተሞላው ሦስተኛው፤ 38 በመቶ። ግፊቱ ወድቆ እጅ እግሩ የቀዘቀዘው አራተኛው፤ 81 በመቶ። ስቴቶስኮፕ፣ የግፊት መለኪያና ጥንቁቅ ዓይን ያላት ነርስ ይህን ሁሉ በሁለት ደቂቃ ልትለይ ትችላለች።

ከዚያ ወዲህ የነርሶች የልብ ምርመራ ዛሬ የምናውቀውን መልክ ያዘ። ነርሷ የእጅ አንጓ ምት ሥርዓት ካጣባት ሠላሳ ሰከንድ ቆጥራ በሁለት አታባዛም፤ ስቴቶስኮፑን ከግራ ጡት በታች በአምስተኛው የጎድን አጥንት ክፍተት ላይ አድርጋ ደቂቃ ሙሉ ትቆጥራለች። ልብ ላይ 110 ተሰምቶ አንጓ ላይ 84 ብቻ ከተገኘ፣ ከምቶቹ አንዳንዶቹ ደም ሳይገፉ ባክነዋል ማለት ነው። የአልጋውን ራስጌ ከፍ አድርጋ የአንገት ደም ሥር ማበጡን ታያለች። በጣቷ ቁርጭምጭሚቱን ተጭና ታነሣለች፤ ጎድጓዳው ካልተመለሰ ሰውነቱ ውሃ ይዟል። በየማለዳው፣ ቁርስ ሳይበላ፣ በአንድ ሚዛን ትመዝነዋለች፤ በሁለት ቀን ሁለት ኪሎ የጨመረ ሰው አልወፈረም፣ ውሃ ነው። ደግሞም ናይቲንጌል እንዳስተማረችው ትክክለኛውን ጥያቄ ትጠይቃለች፦ በስንት ትራስ ነው የምትተኛው? ሌሊት ትንፋሽ አጥሮህ ተነሥተህ ተቀምጠሃል? ባለፈው ወር ያለ ዕረፍት የወጣኸውን ደረጃ አሁን ስንት ጊዜ ታርፍበታለህ?

አንድ ትልቅ ጉድለት ግን ሳይታይ ቆየ። የልብ ጥቃት ሲባል በትምህርቱም በመጽሐፉም የሚሣለው ደረቱን ጨብጦ የሚወድቅ ወንድ ነበር። በአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ታስተምር የነበረችው ነርስና ተመራማሪ ጂን ማክስዊኒ ከባልደረቦቿ ጋር ጥቃቱ የደረሰባቸውን 515 ሴቶች ጠይቃ በ2003 ውጤቱን አወጣች። ከሴቶቹ 95 በመቶው ከጥቃቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ለየት ያለ ነገር ተሰምቷቸው ነበር። ከመቶ ሰባ የሚሆኑት ያልተለመደ ድካም ነበረባቸው፤ ከመቶ አርባ ስምንት የሚሆኑት እንቅልፋቸው ተዛብቶ ነበር፤ ብዙዎች ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። በጥቃቱ ጊዜ እንኳ 43 በመቶው ምንም የደረት ሕመም አልነበራቸውም። ሴትዮዋ «አልጋ ማንጠፍ ደከመኝ» ስትል የሚሰማት ሰው ባለመኖሩ ስንት ሰው ሞቶ ይሆን? ይህን ለማወቅ የነርስ ጥያቄ ያስፈልግ ነበር፤ ነርስ ጠየቀች።

በእኛ አገር የሪውማቲክ የልብ ሕመም እየገደለ ቀጠለ። የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የኢትዮጵያ ሕፃናት ልብ ፈንድ ለብዙ ዓመታት ልጆችን ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ ሲልክ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፈተ። ብዙ ቤተሰቦች ለእናታቸው ወይም ለልጃቸው የልብ ቀዶ ሕክምና ወረፋ ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ይህ ማዕከል ለእነሱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ቀዶ ሕክምናው የሚመጣው ቫልቩ ከተበላሸ በኋላ ነው። በ2018 የዓለም ጤና ጉባኤ የሪውማቲክ ትኩሳትና የልብ ሕመም እንዲወገድ ውሳኔ አሳለፈ። በኡጋንዳ ደግሞ ሕመሙ በምስል ብቻ የታየባቸውን፣ ገና ምንም ያልተሰማቸውን 818 ልጆችና ወጣቶች ያሳተፈ ጥናት ተካሂዶ በ2022 ወጣ። በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ከወሰዱት ሕመሙ የባሰባቸው 0.8 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ መርፌውን ካልወሰዱት 8.2 በመቶ ባሰባቸው።

ያን መርፌ የምትወጋው፣ ቀኑን የምትመዘግበው፣ የቀረውን ልጅ የምታፈላልገው ነርሷ ናት። ስለዚህ ይህን ለምታነቡ ወላጆች የምለው ይህ ነው። ልጃችሁ ጉሮሮውን ሲያመው እንጥል ለማስቆረጥ ወይም ቶንሲል ለማስነቀል ወደ መንደር አዋቂ አትውሰዱት፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ጉልበቱ ካበጠ «ተጫውቶ ነው» ብላችሁ አትለፉት። በየወሩ መርፌ ተብሎ ከታዘዘለት ደግሞ ልጁ ደህና መስሎ ቢሮጥም እንኳ ቀኑን አታሳልፉ። ሲስተር በስንት ትራስ እንደምትተኙ ስትጠይቃችሁ ደግሞ «ደህና ነኝ» ብላችሁ አታልፏት፤ ቁጥሩን ንገሯት።